ሳይሞት የተቀበረው የልጆች መጽሔት



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተነሣውን ክርክር የረሳ ያለ አይመስለንም። ከድንኳንና ከወንበር ኪራይ ከተረፈው ገንዘብ ጥቂት ተቀንሶ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ ያለችው ክፍል ለልጆች ማንበቢያ ትሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ክፍሏን የተቃወመ ሰው አልነበረም። ጭቅጭቁ የመጣው «ምን ያንብቡባት?» የተባለ ጊዜ ነው። አንዱ «የትምህርት መጽሐፍ ብቻ» አለ፤ ሌላው «በሥዕል የተሠራ ታሪክም ይግባ፤ ልጅ በሥዕል ነው የሚያዝ» አለ፤ ሦስተኛው ብድግ ብሎ «ቡጢና ሽጉጥ ልታስተምሩብን ነው ወይ?» ሲል ቤቱ ተንጫጫ። ዳኛውም ነገሩ ለዘንድሮው ስብሰባ ይተላለፍ ብለው ዘጉት።

እኛም ብዕር ያነሣነው ፍርድ ለመስጠት ሳይሆን፣ ከመፍረዳችን በፊት የሌሎችን ታሪክ ብናውቅ ይጠቅመናል ብለን ነው። ታሪኩ የእንግሊዝ አገር ነው። «ለንደንን ከአምቦ ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል፤ ትንሽ ይታገሠን። ለአንባቢ እንዲመች ቀኖቹን ሁሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰናቸዋል።

እንደሚታወቀው በእንግሊዝ አገር ለልጆች፣ በተለይም ለወንዶች ልጆች፣ በየሳምንቱ በሥዕል የተሠራ የጀብዱ መጽሔት ማውጣት የቆየ ልማድ ነው። ታሪኩ በተርታ በተሣሉ ሥዕሎች ይሄዳል፤ ንግግሩ ከሰዎቹ ራስ በላይ ይጻፋል፤ ልክ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ሲደርስ «ይቀጥላል» ተብሎ ይቆማል። ልጁም ሳምንቱ እስኪደርስ እንቅልፍ የለውም። እነሱ «ኮሚክ» ይሉታል፤ ቃሉ የሚያስቅ ማለት ቢሆንም አብዛኛው የሚያስቅ አይደለም።

ወላጅም በዚህ ነገር መጨነቅ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ማርከስ ሞሪስ የተባሉ የአንግሊካን ቄስ ከአሜሪካ የሚመጣው ደም የበዛበት ኮሚክ አሳስቧቸው፣ በሚያዝያ ወር 1942 ዓ.ም. «ኢግል» ወይም «ንስር» የተባለውን መጽሔት መሠረቱ። ልብ እንበል፤ ቄሱ «ይከልከል» ብለው አልተቀመጡም፤ የተሻለ ሠርተው አቀረቡ። የመጀመሪያው ቁጥር ወደ 900,000 ቅጂ ያህል ተሸጠ፤ ዳን ዴር የተባለው የጠፈር አብራሪም የአገሩ ልጆች ጀግና ሆነ። ሥጋቱ ግን አልበረደም፤ በ1947 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ለልጆች ጎጂ የሆኑ የሥዕል ታሪኮችን የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ዓመታት አለፉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ላይ የድሮዎቹ ኮሚኮች አርጅተው ነበር። ጀግኖቻቸው ጸጉራቸውን ያበጠሩ መኮንኖችና የባለጸጋ ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። አንባቢው ግን የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው፤ ማታ ቴሌቪዥን ያያል፣ ቅዳሜ ኳስ ሜዳ ይሄዳል፣ አባቱ ከሥራ እንዳይቀነስ ይሠጋል። ይህን ከተረዱት መካከል ፓት ሚልስ የተባለ ወጣት ደራሲ ነበር። ሚልስ ከጓደኛው ከጆን ዋግነር ጋር ሆኖ በየካቲት 1967 ዓ.ም. «ባትል» የተባለ የጦርነት ኮሚክ ለአይ ፒ ሲ ኩባንያ አዘጋጅቶ ተሳክቶለት ነበር። ኩባንያውም «አሁን ደግሞ ዘመናዊ የሆነ ነገር አምጣ» አለው።

እንዲህ ሆኖ የካቲት 6 ቀን 1968 ዓ.ም. «አክሽን» የተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ወጣ። ዋጋው 7 ፔኒ ነበር። በዚያ ጊዜ የእኛ አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በእድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር ነበሩ፤ እንግሊዛዊው ልጅ ደግሞ 7 ፔኒውን ጨብጦ ወደ ጋዜጣ መሸጫው ይሮጥ ነበር።

በውስጡስ ምን ነበረበት? አንደኛው ታሪክ «ሁክ ጆው» ይባላል። መንጋጋው ላይ የብረት መንጠቆ የተሰካበት ትልቅ ነጭ ሻርክ፣ ባሕሩን የሚያቆሽሹትን የነዳጅ ፍለጋ ሰዎች እየለቀመ ይበላል፤ ደግ ሰው ቢያገኝም አይምርም። «ጆውስ» የተባለው የሻርክ ፊልም ያን ጊዜ ዓለምን ያጥለቀለቀ ስለ ነበር፣ ፊልሙን ያላዩ ልጆች በዚህ ተካሱ። ሁለተኛው «ሄልማን» ነው፤ ባለታሪኩ የጀርመን ታንክ አዛዥ ሆኖ ናዚዎችን የሚጠላ ወታደር ነው። ጦርነቱ ካበቃ ገና 30 ዓመት ያህል ነበርና፣ ለእንግሊዝ ልጆች ጀርመናዊን ጀግና አድርጎ ማቅረብ ቀላል ድፍረት አይደለም። «ሌፍቲ» የተባለው ደግሞ ግራ እግሩ እንደ እሳት የሚፋጅ፣ ከድኃ ቤት የወጣ ኳስ ተጫዋች ነው። የአንባቢዎች ደብዳቤም በደንብ ይታተም ነበር።

ልጆቹ ወደዱት። አዋቂዎቹስ? ብዙም አልቆዩም። መጽሔቱ በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ የለንደን ጋዜጣ ጻፈበት። ሚያዝያ 22 ቀን 1968 ዓ.ም. «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ «የሰባት ፔኒ ቅዠት» የሚል ርእስ ሰጥቶ አወገዘው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ መናገር አለብን። የወላጆቹ ሥጋት ከባዶ የመነጨ አልነበረም። ደሙ ብዙ ነበር። አዘጋጆቹም ነቀፋው ሲመጣ ከመቆጠብ ይልቅ ባሱ። በመስከረም 1969 ዓ.ም. የጀመረው «ኪድስ ሩል ኦኬ» የተባለ ታሪክ፣ በሽታ አዋቂዎችን ሁሉ ጨርሶ ልጆች በየቡድኑ ተከፋፍለው ሲፋጁ ያሳያል። መስከረም 8 ቀን የወጣው ቁጥር ሽፋን ላይ ካርሎስ ኤዝኬራ የተባለው ሠዓሊ ሰንሰለት የሚያወዛውዝ ጎረምሳ ሣለ፤ ከሥሩ ሰው ወድቋል፤ አጠገቡ የፖሊስ ቆብ ይታያል። የወደቀው ሰው ፖሊስ እንዳልሆነ፣ ያሳሳተው የልብሱ ቀለም እንደሆነ በኋላ ተነግሯል፤ ግን ማን ይሰማል! በዚያው ሰሞን በሌፍቲ ታሪክ ውስጥ የተጫዋቹ የሴት ጓደኛ ኳስ ሜዳ ውስጥ ጠርሙስ ወረወረች። በየስታዲየሙ ድብድብ በበዛበት ዘመን ይህን ማሳተም፣ ምን ይሉታል፣ በነደደ ላይ ቤንዚን ነው።

የኩባንያው ኃላፊ ጆን ሳንደርስ በቢቢሲ ቴሌቪዥን «ኔሽንዋይድ» በተባለው ፕሮግራም ቀርበው ፍራንክ ቦው በተባለው ጋዜጠኛ በጥያቄ ተፋጠጡ። ደብልዩ ኤች ስሚዝና ጆን ሜንዚስ የተባሉት ትልልቅ ሻጮችም እጃቸውን እንዳይሰበስቡ ተፈራ። እነሱ ከመደርደሪያቸው ካወጡት መጽሔቱ ልጆች ዘንድ የሚደርስበት መንገድ የለውም፤ የኩባንያው ሌሎች መጽሔቶችም አብረው ይጎዳሉ። ስለዚህ ጥቅምት 6 ቀን 1969 ዓ.ም. 36ኛው ቁጥር ከወጣ በኋላ ኩባንያው ራሱ አቆመው። የጥቅምት 13ቱ 37ኛ ቁጥር ታትሞ አልቆ ሳለ ተሰብስቦ ተፈጨ። ከመፈጨት የተረፉት ቅጂዎች እጅግ ጥቂት ናቸው።

እንግዲህ አስተውሉ። ፍርድ ቤት አልፈረደበትም። ያ በ1947 የወጣው ሕግም አልተጠቀሰበትም። አንባቢም አልሸሸውም። በጋዜጣውና በቴሌቪዥኑ ጎልተው የተሟገቱት አዋቂዎች ነበሩ፤ ባለጉዳዮቹ ልጆች ግን ቅዳሜ ጠዋት 7 ፔኒያቸውን ይዘው ሄደው ባዶ መደርደሪያ አገኙ።

ኅዳር 25 ቀን 1969 ዓ.ም. «አክሽን» ተመልሶ ወጣ። ስሙ ያው ነው፤ ሆዱ ግን ሌላ። «ኪድስ ሩል ኦኬ» ተሰርዟል፤ ሻርኩም ጥርሱን የረገፈ መስሏል። ልጅ ደግሞ ሲታለል ያውቃል፤ አንባቢው እየሳሳ ሄደ። ኅዳር 3 ቀን 1970 ዓ.ም. የመጨረሻው ቁጥር ወጣና በሳምንቱ ወደ «ባትል» ተቀላቀለ። በድምሩ ለአንባቢ የደረሱት 86 ቁጥሮች ናቸው።

እኛ የእድር ሰዎች ነን። ጡሩምባ የሚነፋው ሰው መሞቱ ሲረጋገጥ ነው፤ «ታሟል» ተብሎ ድንኳን አይተከልም። የታመመ ይጠየቃል፣ ይታከማል፣ ቢያጠፋም ይመከራል። «አክሽን» ታሞ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ነገር ግን ሳይታከም ነው የተቀበረው። ከመቃብር ተመልሶ የመጣውም እሱ ሳይሆን ጥላው ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሐዘን ብቻ በሆነ። ደግነቱ ፓት ሚልስ አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። የካቲት 19 ቀን 1969 ዓ.ም. «2000 ኤ ዲ» የተባለው ኮሚክ ወጣ። ታሪኮቹ በመጪው ዘመን ላይ የተመሠረቱ በመሆናቸው እንደ «አክሽን» ያለ ቁጣ አላስነሡም። የዋነኛው ታሪክ ባለቤት ዳኛ ድሬድ የተባለ፣ እንደ ፖሊስም እንደ ዳኛም የሚሠራ ኮስታራ ሰው ነው፤ የፈጠሩትም ዋግነርና ያ በሰንሰለቱ ሥዕል የተወገዘው ካርሎስ ኤዝኬራ ናቸው። ይህ መጽሔት እነሆ እስከ ዛሬ ይታተማል። ማርቲን ባርከር የተባሉ ምሁር ደግሞ ልጅ ሳሉ «አክሽን»ን ያነቡ የነበሩትን ሰዎች ጠይቀው አጥንተዋል፤ በ1982 ዓ.ም. ገደማም ስለ መጽሔቱ መጽሐፍ አሳትመዋል። አንባቢዎቹ ሲጠየቁ ግን ልጅነታቸው አልፎ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛስ ለልጆቻችን የምንነግረው ሁሉ ማር ነው እንዴ? «ተረት ተረት» ስንል ጅቡ አህያዋን ሲበላት አላሳየንም? ልጅ ሆነን ማታ እሳት ዳር ሂቦ ስንጠያየቅ ከጭራቅ ታሪክ ፈርተን ደጅ መውጣት አልተሳነንም? ግን ብቻችንን አልነበርንም። ፈርተን ስንጠጋ የምንጠጋው እናት ወይም አያት አጠገብ ነበር። የእሳት ዳሩ ተረት ከመደርደሪያው መጽሔት የሚለይበት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ተራኪው አብሮ ተቀምጧል፤ «ለምን እንዲህ ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅም ይመልሳል።

የከተማችንም ታሪክ ምስክር አለው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚህ አጠገባችን ቦዳ ተወልዶ አምቦ ሲማር፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ ስለ አምባገነኑ የግሪክ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ ነበር። ተውኔቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ። አስቡት እስቲ፤ አንድ የገጠር ልጅ ስለ ጨካኝ ንጉሥ ጽፎ ንጉሥ ፊት ሲያቀርብ! ያን ጊዜ አንድ ትልቅ ሰው «ይህ ለልጅ አይሆንም» ብሎ ወረቀቱን ቀዶ ቢሆን ኖሮ፣ አገር ምን ታጣ እንደ ነበር መገመት አያቅትም።

ዛሬም የራሳችን የሥዕል ታሪክ የለም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በሰራት ደበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ «ጀምበር» የተባለ የጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል፤ ባለታሪኩም ሥራ ፈላጊ የሆነ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ልጆቻችን ሥራ ፍለጋ ሲንከራተቱ የምናይ ሰዎች ይህ ለማን እንደ ተጻፈ አይጠፋንም። ደግሞም ክፍሏን ብንዘጋ ልጁ ሥዕል ማየት አይተውም፤ ስልኩን ይዞ ጥግ ይገባል እንጂ። እዚያ ደግሞ አብሮት የሚቀመጥ የለም።

ስለዚህ ለዘንድሮው ስብሰባ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ክፍሏ ትከፈት፤ የሥዕል ታሪክም ይግባባት፣ በአማርኛም በኦሮምኛም። ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ሲገባ ከወላጆች ሁለት ሰው፣ ከልጆችም ሁለት ተመርጠው አብረው ይዩት፤ ልጆቹ ለወጉ ያህል እንዳይቀመጡ፣ ቃላቸው ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ አንድ መጽሐፍ ቅር ካሰኘን፣ ስለዚያ መጽሐፍ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን እንነጋገር፤ ካልሆነም ያ መጽሐፍ ብቻ ይውጣ። በአንድ መጽሐፍ ምክንያት በሩ አይዘጋ።

አረጋውያኖቻችን እንደሚሉት እድር የቆመው ለሞት ብቻ አይደለም፤ ቋሚውን ለማጽናናትም ነው። ከቋሚዎቹ መካከል ደግሞ ረጅሙ መንገድ የቀራቸው ልጆቹ ናቸው። በስብሰባው ዕለት ማንም እንዳይቀር፤ ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ኑ።

ለከርሞው በጤና ያድርሰን። ጡሩምባችን ለረጅም ጊዜ ዝም ይበል።