የነፋስና የጩኸት ስሞች

ከጎንደር በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በስሜን ደጋ፣ የጃን አሞራ ወረዳ ከተማ መካነ ብርሃን ትገኛለች። ቁመቱ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ደጀን ጎረቤቷ ነው። እንዲህ ባለ አገር ነፋስ በአንድ ስም ብቻ አይጠራም። ጉንጭ ዳስሶ የሚያልፈው ሽውታ ነው፤ አቧራ አንሥቶ የሚሽከረከረው ዐውሎ ነው፤ ዝናቡን አግድም የሚነዳው ውሽንፍር፣ በደጃፍ ገብቶ ቤት የሚያርሰው ደግሞ ወጨፎ ነው። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስና እስትንፋስ የአንድ ግሥ ልጆች መሆናቸውንም የቋንቋ ሊቃውንት ያስተምራሉ።

የሰው ጩኸትም እንደ ነፋሱ ብዙ ስም አለው። እሪታ የድረሱልኝ ጥሪ ነው፤ የሰማ ጎረቤት ሥራውን ጥሎ ይሮጣል። ዋይታ የሐዘን ነው፤ የሰማ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለልቅሶ ይወጣል። እልልታ ለደስታ ይጠራል፤ ፉከራና ሽለላ ለጦርነት ያነሣሣሉ። እንግዲህ እነዚህ ስሞች የሚለዩት የድምፁን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሰሚውንም ግዴታ ነው። የዚህች አጭር ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የታሪክ ሸክም የከበደበት ጩኸት «ጃንሆይ!» የሚለው ነው። «ጃን» የጥንት የንግሥና መጠሪያ ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን «ጃን አሞራ» ይባል የነበረው የንጉሥ ጭፍራ ነበር። በጎንደር አደባባይ ያለው ዛፍ «ጃን ተከል» ይባላል። ፍርድ ፈላጊውም ከንጉሡ ደጅ ቆሞ የሚጣራው በዚሁ ቃል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1770 እና በ1771 በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ልማድ መዝግቦታል። ባለጉዳዮች ከማለዳ እስከ ማታ በቤተ መንግሥቱ በርና መስኮት ሥር እየተሰበሰቡ፣ በየቋንቋቸው ይጮኹ ነበር። እርሱ የጻፈው ጩኸት «ርቴ፣ ኦ ጃንሆይ» የሚል ሲሆን፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ፍርድ ስጠኝ» ማለት እንደሆነ ይተረጉመዋል። ድምፁ «ርትዕ» ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ይቀራረባል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው። በክረምት መንገድ ተዘግቶ እውነተኛው ተበዳይ ሲጠፋ፣ የሚጮኹና የሚያለቅሱ ሰዎች ይዘጋጁ ነበር። ምክንያቱ ሲጠየቅ የንጉሡ ክብር ነው፣ ግቢው ጭር ብሎ ብቸኝነት እንዳይሰማው ነው ይባል ነበር። ጩኸቱ አለ፤ በደሉ የለም፤ የሰሚውም ግዴታ ቀርቷል። የድሃው እሮሮ የዙፋን ጌጥ ሆኖ ማገልገሉን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

ሥልጣን ደግሞ የራሱ ጩኸት ነበረው። ዐዋጅ የሚለው ቃል ዘመዱ የግዕዙ ዐዋዲ ነው፤ ዐዋዲ እየዞረ የሚለፍፍ ሰው ነው። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ሲል ሰሚውን ራሱን ለፋፊ ያደርገዋል። እዚያው ጃን አሞራ ውስጥ፣ በደረስጌ ማርያም፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስም የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበር፤ ስሙ ራሱ የትእዛዝ ጥሪ ነው።

ዛሬ ዐዋጅ በጋዜጣ ይታተማል፤ «አቤት!» ከሚለው ጩኸት የተወለደው አቤቱታም በወረቀት ተጽፎ መዝገብ ቤት ይገባል። ይህ እድገት ነው። ነገር ግን እኛ የተውኔት ጸሐፊዎች፣ እኔንም ጨምሮ፣ «ከውጭ ጩኸት ይሰማል» ብለን ጽፈን እናልፋለን። ተዋናዩ እሪ ይበል፣ ዋይ ይበል፣ ወይስ አቤት ይበል አንነግረውም። ተመልካቹም ሊሮጥ፣ ሊያለቅስ ወይስ ሊፈርድ እንደሚገባው አያውቅም።

ስለዚህ በየአካባቢው ያላችሁ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ አረጋውያን ላኩ። ቃሉን ብቻ ጽፈው አይመለሱ፤ ያ ጩኸት ሲሰማ ማን ከቤቱ ይወጣ እንደነበር ጭምር ጠይቀው ይመዝግቡ።