ባቡር የሚለው ቃል ጉዞ

ቃል እንደ ሰው ከአገር ወደ አገር ይዞራል፤ በደረሰበትም አገር ልብሱን ይለውጣል። ለዚህ ምስክር ከሚሆኑት አንዱ ባቡር የሚለው ስም ነው። ከጅቡቲ ከተማ ሰፋፊ ክፍሎች አንዱ በሆነው በባልባላ፥ ሶማልኛ ተናጋሪው ሰው ባቡር ሲል መኪናን ማለቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው ግን በዚሁ ቃል በሐዲድ የሚሄደውን ይጠራበታል። ተማሪ፦ «ከሁለቱ የተሳሳተው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መምህሩ ከመፍረዱ በፊት የቃሉን ታሪክ መመርመር ይገባዋል።

የቃሉ ምንጭ ፈረንሳይኛው «ቫፐር» ሲሆን ትርጓሜው እንፋሎት ነው። ቱርኮች ቃሉን ተቀብለው በእንፋሎት ኀይል የሚሄደውን መርከብ «ቫፑር» አሉት፤ ዐረቦችም «ባቡር» ብለው ጠሩት። እንግዲህ ስሙ የተሰጠው ለኀይሉ እንጂ ለመንገዱ አልነበረም። አማርኛም ይህን አልዘነጋም፤ እህል የሚፈጨውን መኪና የወፍጮ ባቡር፥ በሐዲድ የሚሄደውን ምድር ባቡር ብሎ ለይቷቸዋል። «ምድር» የምትለው ቅጽል እንደ ትርፍ ብትታይም፥ ባቡር የተባለ ሌላ ነገር መኖሩን የምታስታውስ የድንበር ምልክት ናት።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዕቃውም ጋራ የፈረንሳይኛ ቃላት ተጭነው ገቡ። ፉርጎ አንዱ ነው፤ ለገሀርም «ላ ጋር» ማለትም «ጣቢያው» ከሚለው የወጣ ነው።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለገዳዲና ለገጣፎ በሚሉት ስሞች ውስጥ ያለው «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው። ስለዚህ በጆሮው ብቻ የሚፈርድ ሰው ለገሀርንም የወንዝ ስም አድርጎ ሊያስተምር ይችላል። አንድ ጊዜ በክፍል የተነገረ ስሕተት ደግሞ ከተማሪው ጋራ ወደየአውራጃው ይሄዳል። መድኀኒቱ፥ ስሙን ማን አወጣው፥ መቼ፥ በየትኛው ቋንቋ በኩል መጣ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ አዲስ የሐዲድ መስመር በኤሌክትሪክ ኀይል የሚሠራ ነው። እንፋሎቱ ቀርቷል፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ እንፋሎት ነው።