«እሑድ ነይ»

እኛ አገር ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ብቻውን አይተኛም። አንዱ ፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ብርድ ልብስ ተሸክሞ ይመጣል፣ አስታማሚው አልጋው ሥር አንጥፎ ያድራል። ታማሚው ሕፃን ከሆነማ እናቱን ማን ደፍሮ ይነጥለዋል? ስለዚህ ይህ ታሪክ ለጆሯችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው ለንደን ነው፣ ጊዜው 1949። በዚያ ዓመት የከተማዋ ሆስፒታሎች የሕፃናት መጠየቂያ ሰዓት ሲጣራ፣ ጋይስ ሆስፒታል ወላጅ የሚያስገባው እሑድ ብቻ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ሴንት ቶማስ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ጭራሽ መጠየቅ የለም፤ ወላጆች ልጃቸውን ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት፣ ያውም ተኝቶ ሳለ ብቻ አይተው ይመለሳሉ።

ሐኪሞቹና ነርሶቹ ክፉ ስለነበሩ አይደለም። አንደኛ፣ ወላጅ ከውጭ በሽታ ይዞ ይገባል ብለው ይሰጉ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ልቅሶው ነው። እናት መጥታ ስትሄድ ልጁ ክፍሉን በጩኸት ይሞላዋል፤ ካልመጣች ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝም ይላል። ያኔ «ለመደ» ይባላል። እናቶች ቤት ከተመለሰ በኋላ ልጁ ሌላ ልጅ ሆነብን ቢሉም፣ የእናት ቃል እንደ ማስረጃ አይቆጠርም ነበር።

ይህን «ለመደ» የተባለ ዝምታ ቁጭ ብሎ የመረመረው ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ ነው። ሐኪም አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አና ፍሮይድ ለንደን ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ማቆያ የማሞቂያና የጥገና ሠራተኛ ነበር። እዚያ ማንኛውም ሠራተኛ ስለ ልጆቹ ያየውን መጻፍ ስለነበረበት፣ አስተውሎ መመዝገብን የተማረው በዚያው ነው። በ1948 የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ጆን ቦውልቢ ቀጠረውና ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን እንዲከታተል አሰማራው። ሮበርትሰን ያየው ሦስት ደረጃ ነው። ልጁ መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ይታገላል። ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣል። በመጨረሻ ለነርሶቹ ፈገግ ማለት ይጀምራል፤ እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞርባታል። ሆስፒታሉ «ዳነ፣ ለመደ» የሚለው ይህን ሦስተኛውን ነበር።

ተናገረ፣ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ካሜራ ያዘ። «መርጠህ ነው» እንዳይሉት ልጅቷን ከወረፋ መዝገብ በዕጣ አወጣ፤ «የምታለቅስበትን ሰዓት ጠብቀህ ነው» እንዳይሉት ደግሞ የግድግዳው ሰዓት በፊልሙ ውስጥ እንዲታይ አደረገ። ዕጣው የደረሳት ላውራ ናት፤ ዕድሜዋ 2 ዓመት ከ5 ወር፣ የተኛችውም ለእንብርት ቀዶ ሕክምና ለ8 ቀን ነው። ላውራ ብዙ አታለቅስም። ፊቷን አጠንክራ፣ በየመሃሉ ቀስ ብላ እናቷ የት እንዳለች ትጠይቃለች። ስትወጣ እናቷ እጇን ስትዘረጋላት አልያዘችውም።

ፊልሙ በኅዳር 1952 ለንደን ውስጥ በሐኪሞች ማኅበር ፊት ሲታይ ተቃውሞ ገጠመው። ይህቺ ልጅ የተለየች ናት፣ ሙያችን ተሰደበ ተባለ። ከተቆጡት አንዱ የሕፃናት ሐኪሙ ደርሞድ ማካርቲ ነበሩ። ወደ ሆስፒታላቸው ተመልሰው የራሳቸውን ሕፃናት ሲያዩ ግን ፊልሙ እውነት ሆኖ አገኙት፤ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር ማስተኛት ጀመሩ። በ1959 በሰር ሃሪ ፕላት የሚመራው የመንግሥት ኮሚቴ ወላጆች ያለ ሰዓት ገደብ እንዲገቡ፣ የትንንሽ ልጆች እናቶችም አብረው እንዲያድሩ አሳሰበ። ወረቀቱ ብቻውን በር አልከፈተም፤ በ1961 እናቶች ራሳቸው ማኅበር መሥርተው ለዓመታት መወትወት ነበረባቸው።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ክፍልን አስቡ። በዓለም ዙሪያ ልጁ ማሞቂያ ውስጥ፣ እናቱ ውጭ ሆነው ኖረዋል፤ እኛም ጋ። በ1978 ቦጎታ ውስጥ ሐኪሙ ኤድጋር ሬይ ማሞቂያ ሲያጥራቸው ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ አስታቀፉ። ይህንኑ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ላይ ፈትነው በ2005 አሳተሙ፤ በተለመደው አያያዝ 38 በመቶው ሲሞቱ፣ ገና ከመጀመሪያው እናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት 22.5 በመቶ ነበሩ። በ2021 የታተመ የአምስት አገሮች ጥናትም እናት ከወለደችበት ሰዓት ጀምሮ ልጇን አቅፋ በዚያው ክፍል ስትቆይ ሞቱ ከ15.7 ወደ 12 በመቶ መውረዱን አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያውን በዚሁ መሠረት አሻሻለ።

ምርምር ሲባል ብዙዎቻችን አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ መሣሪያ ነው የሚታየን። እዚህ ግን የተገኘው አዲስ ነገር የለም፤ እናት ድሮም ነበረች። ጥናቱ የሠራው እሷ የምትለውን ማንም «ስሜት ነው» ብሎ እንዳያልፈው ማድረግ ነው። ነገ እናንተም ወይ እህታችሁ ወልዳችሁ «ልጁን እኛ እናየዋለን፣ አንቺ ውጭ ጠብቂ» ብትባሉ፣ በትሕትና «ለምን?» ማለት መብታችሁ ነው። መልስ የሚሰጥ ሰው ደግሞ ከልማድ የተሻለ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።