ክብ ድንጋይ ወይስ የዳይኖሰር እንቁላል? ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳርቻም ሆነ ለቤት መሠረት በተቆፈረ ጉድጓድ፣ እንቁላል የሚመስል ሞላላ ድንጋይ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። ያገኘው ሰው የዳይኖሰር ቅሪተ አካል ይሆን ብሎ ቢጠይቅ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ቅርጽ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ድንጋዩ ከየትኛው ዐለት እንደ ወጣ ነው።

የአካባቢው ዐለት ዕድሜ

ከመንትያዎቹ ከተሞች ሥር የተነጠፉት የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች 450 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። ያን ጊዜ ስፍራው ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር። ዳይኖሰሮች የታዩት ግን ከ230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ከወፎች በቀር የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ዐለቶች የሚወጡት የባሕር ዛጎል፣ የኮራልና የትራይሎባይት ቅሪቶች እንጂ የዳይኖሰር እንቁላል ሊሆን አይችልም። ከዐለቱ በላይ ያለውን ጠጠር በአብዛኛው ያመጣው በበረዶ ዘመን ከሰሜን የተንሸራተተ ግግር በረዶ ነው። በረዶውና ውሃው ድንጋዮቹን እያፋተጉ አለስልሰዋቸዋል።

ኮንክሪሽን ምንድን ነው?

ኮንክሪሽን በደለል ውስጥ የሚፈጠር ጠንካራ የማዕድን ጓል ነው። በደለሉ የሚያልፍ ውሃ የያዘው ካልሳይት፣ ሲሊካ ወይም ብረት ነክ ማዕድን፣ ብዙ ጊዜ በቅጠል፣ በዛጎል ወይም በአጥንት ስባሪ ዙሪያ ይረጋና ቅንጣቶቹን እንደ ሲሚንቶ ያያይዛል። በዙሪያው ያለው ለስላሳ ዐለት ሲሸረሸር ጓሉ ብቻውን ይቀራል።

ክብ ድንጋይ በሌላም መንገድ ይፈጠራል። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው ኦፓል ከእሳተ ገሞራ ዐለት የሚወጣ ሲሆን፣ እርሱም የሚገኘው በቡናማ ድቡልቡል ድንጋዮች ውስጥ ነው።

ምን መመልከት ይገባል?

ቅርፊት፦ ዋናው ምልክት ይህ ነው። የእንቁላል ቅርፊት ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለውና ከውስጡ ዐለት ተለይቶ የሚታይ ንብርብር ነው። በማጉያ መነጽር ሲታይ የአየር ቀዳዳዎች፣ በአንዳንዱም ጥቃቅን እብጠቶች ይኖሩታል። ኮንክሪሽን ግን እስከ መሐሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ወይም እንደ ሽንኩርት ተደራራቢ ቀለበቶች ያሳያል።

ገጽ፦ እውነተኛ እንቁላል በተጫነው አፈር ክብደት ብዙ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ይጨፈለቃል። ፍጹም ለስላሳና ሙሉ ክብ የሆነ ድንጋይ ይልቁን ጥርጣሬን ይጨምራል።

መሐል፦ ተሰብሮ አስኳል የሚመስል ነገር መታየቱ ማስረጃ አይደለም። አስኳል ይበሰብሳል፤ የሚታየው ማዕድኑ የረጋበት እምብርት ሊሆን ይችላል።

አብሮ የተገኘው፦ የቅርፊት ስብርባሪ፣ ጎጆ ወይም አጥንት በአቅራቢያው መኖሩ ግምቱን ያጠናክራል።

ኮምጣጤ ማፍሰስ ግን አይረዳም። የካልሳይት ኮንክሪሽንም ሆነ ቅርፊት ሊፍለቀለቁ ስለሚችሉ ምርመራው አይለይም፤ ናሙናውን ግን ይጎዳል።

እውነተኛ እንቁላልም ቢሆን ባለቤቱን ማወቅ ቀላል አይደለም። በ1923 በሞንጎሊያ የተገኙ እንቁላሎች ለአሥርተ ዓመታት የፕሮቶሴራቶፕስ ናቸው ሲባል ቆይቶ፣ በ1990ዎቹ በተመሳሳይ እንቁላል ውስጥ የኦቪራፕተር ወገን ጽንስ በመገኘቱ ግምቱ ተሽሯል።

ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

ድንጋዩን መስበር አይገባም። መጠኑን ለማሳየት ከማስመሪያ ጋር ፎቶ ማንሣት፣ የተገኘበትን ቦታ በትክክል መመዝገብ፣ ከዚያም በሴንት ፖል እንደሚገኘው የሚኒሶታ ሳይንስ ሙዚየም ያለ ተቋም ባለሙያዎችን መጠየቅ ይሻላል። በፌዴራል መንግሥት መሬት ላይ የአከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳትን ቅሪት ያለ ፈቃድ መውሰድ በሕግ የተከለከለ ነው።

ከሁሉ በላይ ገደል ሥር መቆፈር አደገኛ ነው። በሴንት ፖል ሊሊዴል ፓርክ በ2013 ቅሪተ አካል ለመፈለግ በሄዱ ተማሪዎች ላይ መሬት ተንዶ ሁለት ሕፃናት ሕይወታቸውን አጥተዋል። በተለይ ከዝናብ በኋላ ልጆችን ከእንዲህ ያለ ገደል ማራቅ ያስፈልጋል።