ባልዲውና ደለሉ፦ በሎክ ቬል ተፋሰስ የአየር ብክለት ምዝገባ ታሪክ



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በሁለት የትምህርት ክፍሎች መካከል የወደቀ ነው። የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች «ታሪክ ነው» ብለው ይተዉታል፤ የታሪክ ባለሙያዎች ደግሞ «ኬሚስትሪ ነው» ብለው ያልፉታል። የእኔ ጥያቄ የታሪክ ጥያቄ ነው። አንድ ተራራ «ንጹሕ ነበር» ስንል የትኛውን ዓመት ማለታችን ነው? ይህን ለመመርመር የመረጥሁት በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሚገኘውን ሎክ ቬል የተባለ ትንሽ ተፋሰስ ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሎክ ቬል 660 ሄክታር ያህል ነው። ዝቅተኛው ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ሲሆን ጫፉ 4,000 ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው ገጽታው ራቁት ዐለትና የድንጋይ ናዳ ነው፤ አፈሩ ስስ፣ ዛፉ ጥቂት፣ ሐይቆቹም በአብዛኛው ከሚቀልጥ በረዶ የሚሞሉ ናቸው። ዐለቱ ግራናይትና መሰል ጠንካራ ድንጋይ ስለሆነ ከሰማይ የሚወርደውን አሲድ የማርከስ ዐቅሙ አነስተኛ ነው። መንገድ አይገባበትም፤ የሚደረሰው በእግር፣ በክረምትም በበረዶ መንሸራተቻ ነው። ይሁንና በቀጥታ ቢለካ ከዴንቨር ከተማ የሚርቀው ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው።

የአሲድ ዝናብ ታሪክ የሚነሣው ከተራራ ሳይሆን ከፋብሪካ ከተማ ነው። ሮበርት አንገስ ስሚዝ የተባለ ኬሚስት የማንችስተርንና የሌሎች የብሪታንያ ቦታዎችን ዝናብ መርምሮ በ1872 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አሲድ ዝናብ ጽፏል። ነገሩ ግን ለረጅም ጊዜ የከተሞች ችግር ተደርጎ ቆየ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው ስቫንቴ ኦዴን ብክለቱ የአገር ድንበር ተሻግሮ እንደሚጓዝ አስረዳ። በዚያው ዐሥርት ዓመት በኒው ሃምፕሸር፣ ሃባርድ ብሩክ በተባለው የምርምር ደን፣ እነ ጂን ላይከንስና ኸርበርት ቦርማን ከፋብሪካ ርቆ የሚዘንበው ዝናብም አሲዳማ መሆኑን መዘገቡ። ምሥራቁ እንዲህ ከሆነ የምዕራቡ ተራሮችስ? የሚል ጥያቄ መከተሉ አልቀረም።

ጥያቄውን ሕጉም አጣዳፊ አደረገው። የ1977ቱ የንጹሕ አየር ሕግ ማሻሻያ በዚያን ጊዜ የነበሩትን ከ6,000 ኤከር በላይ ስፋት ያላቸውን ብሔራዊ ፓርኮችና ከ5,000 ኤከር በላይ የሆኑ የተጠበቁ ዱሮችን በአንደኛ ደረጃ መደበ፤ አስተዳዳሪዎቻቸውም በአየር ብክለት የሚጎዳውን ሀብት እንዲጠብቁ ኃላፊነት ጣለባቸው። መጠበቅ ደግሞ ጉዳቱን ማሳየትን ይጠይቃል፤ ያለ ማስረጃ የሚከሰስ ፋብሪካ የለምና። በ1978 ከዝናብና ከበረዶ ጋር የሚወርደውን የሚለካ ብሔራዊ የጣቢያዎች መረብ ተጀመረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥነ ምኅዳር ተመራማሪዋ ጂል ባሮን በሎክ ቬል ምርምር ስትጀምር የዚያ መረብ አንድ ጣቢያ በ1983 ተተከለ።

መሣሪያው ቀላል ነው። ክዳን ያለው ባልዲ፣ ከጎኑም እርጥበት የሚሰማው መዳሰሻ አለ። ዝናብ ወይም በረዶ ሲነካው ክዳኑ ይከፈታል፤ ሲያባራ ይዘጋል። ማክሰኞ ማክሰኞ ሰው ወጥቶ ባልዲውን ይቀይራል፤ ናሙናውም ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል። በክረምት ነፋሱ በረዶውን ወደ ጎን ስለሚነዳ ባልዲው የወደቀውን ሁሉ አይዝም። የጥንት ዜና መዋዕል ጸሐፊም የሆነውን ሁሉ አልያዘም፤ ማክሰኞን ሳያስታጉል ለአርባ ዓመት የሚጽፍ ጸሐፊ ግን በታሪክ ብዙ አላገኘሁም።

ተመራማሪዎቹ አሲድ ፍለጋ ወጡ፤ ያገኙት ሌላ ነው። ሐይቆቹ አሲዳማ አልሆኑም ነበር። በውኃው ውስጥ ያለው ናይትሬት ግን እንዲህ ካለ ተራራ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ ተገኘ። ናይትሮጅን ማዳበሪያ ነው፤ ገበሬ በገንዘቡ ገዝቶ ማሳው ላይ የሚበትነው። በተራራው ላይ ግን ማንም ሳይዘራው ከሰማይ ይወርዳል። ምንጩም በግርጌ ነው፦ ከተሽከርካሪና ከኃይል ማመንጫ የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ፣ ከማሳ ማዳበሪያና ከከብት ማድለቢያ የሚተነው አሞኒያ። ነፋስ ከምሥራቁ ሜዳ ሽቅብ ሲነፍስ ይህን ተሸክሞ ይወጣል። በተራራው ሰንሰለት ምሥራቅ ያሉት ያረጁ የጥድ ዘመድ ዛፎች በቅጠላቸው ውስጥ የያዙት ናይትሮጅን ከምዕራቦቹ መብለጡም ይህንኑ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ የታሪክ ሰው ጆሮውን ማቅናት አለበት። ባልዲው በ1983 ሲቀመጥ የመዘገበው «መነሻ» በእርግጥ መነሻ ነበርን? መልሱን የሰጠው የሐይቁ ወለል ነው። ዳያቶም የሚባሉት በዓይን የማይታዩ ዋቅላሚዎች የመስታወት ዓይነት ቅርፊት አላቸው፤ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ሳይበሰብስ በደለሉ ውስጥ በተርታ ይቀመጣል። ተመራማሪዎች ስካይ ፖንድን ከመሰሉ ሐይቆች ደለል በቱቦ አወጡ፤ የየንጣፉን ዕድሜ በሊድ 210 ለኩ፤ ቅርፊቶቹንም ቆጠሩ። ከሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የቀድሞዎቹን ዝርያዎች ቦታ አስቴሪዮኔላ ፎርሞሳና ፍራጂላሪያ ክሮቶኔንሲስ የሚባሉት ወስደዋል። እነዚህ የታወቁት በንጥረ ነገር በዳበረ ውኃ ነው። (በአገራችንም ደለል ማንበብ እንግዳ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች የሚገኘው የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ ደለል ከ15,000 ዓመት በላይ የሚሆን የአየር ንብረትና የዕፅዋት ታሪክ ተነብቦበታል።)

ለውጡ የታየበትን ጊዜ ከሕጎቹ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት። ባሮን በ2006 ባሳተመችው ጥናት ለውጡን ከ1950 እስከ 1964 ባለው ጊዜ ውስጥ አስቀምጣለች። የሰው እጅ ያላረፈበትን ዱር እንዲሁ ለማቆየት የወጣው የአሜሪካ ሕግ የተፈረመው በመስከረም 1964 ነው። ሕጉ ለፓርኩ አብዛኛው ክፍል የደረሰው ደግሞ በ2009። እንግዲህ «ያልተነካ» የሚለው ቃል በወረቀት ሲሰፍር ሐይቁ ተነክቶ ነበር፤ የነካውም እግሩን ያላነሣ ሰው ነው።

ታዲያ የሚጠበቀው የትኛው ተራራ ነው? የባልዲው የመጀመሪያ ንባብ ቢወሰድ የተለወጠው ሐይቅ «ተፈጥሯዊ» ሆኖ ይጸድቃል። ባሮን ሌላ መንገድ መረጠች። የዘመኑን ልኬትና የብክለት ልቀቱን ዕድገት ይዛ ወደ ኋላ በማስላት፣ ዳያቶሞቹ ሲለወጡ ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይወርድ የነበረው ናይትሮጅን በሄክታር በዓመት 1.5 ኪሎ ግራም ያህል እንደነበረ ገመተች። ይህም ሐይቁ ሳይለወጥ ሊሸከመው የሚችለው ወሰን ተባለ። በዚያ ጊዜ የሚወርደው ግን 3 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር።

በ1950ዎቹ በሎክ ቬል ባልዲ አልነበረም። ስለዚህ 1.5 የተለካ ቁጥር አይደለም፤ ከሁለት ዓይነት ምስክሮች የተገኘ የታሪክ ድምዳሜ ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም። እኛ ስለ አንድ ዘመን የግብር መጠን ወይም የሕዝብ ቁጥር የምንደመድመው ከዚህ ባነሰ ማስረጃ ነው። የሚገርመኝ መንግሥት ድምዳሜውን ተቀብሎ ፖሊሲ ማድረጉ ነው። በ2007 የፓርኩ አስተዳደር፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የኮሎራዶ ግዛት በ2032 መጠኑን ወደ 1.5 ለማውረድ ዕቅድ አጸደቁ።

ዕቅዱ በየአምስት ዓመቱ የሚመዘን ነው። በ2012 ወደ 2.7 ይወርዳል የተባለው አልወረደም። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ልቀት በሕግ ስለተያዘ ቀንሷል፤ ከእርሻ የሚወጣው አሞኒያ ግን ተመሳሳይ ልጓም የለውም። ከ2014 ጀምሮ ነፋሱ ሽቅብ እንደሚነፍስ ሲተነበይ ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች ማስጠንቀቂያ ይላካል፤ ፍግ መበተንን የመሰለውን ሥራ ለሌላ ቀን እንዲያሳድሩት ይጠየቃሉ። መተባበሩ በፈቃደኝነት ነው። በእኔ አስተያየት የዕቅዱ ደካማ ጎን ሳይንሱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩ የታወቀ፣ ባለዕዳው ግን ያልተሰየመ ነው።

2032 ሲደርስ ባልዲው ምን ያህል እንደወረደ ይነግረናል። የቀድሞዎቹ ዳያቶሞች ተመልሰው እንደሆነ በደለሉ ለማንበብ ግን ከዚያም በላይ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ በእንዲህ ያለ ሐይቅ በየዓመቱ የሚቀመጠው ንጣፍ እጅግ ስስ ነውና። ጥያቄዎቻችሁን አሁን እቀበላለሁ።