ገዳዩን ከመርማሪው ቀድማችሁ ማግኘት ትችላላችሁ?

የወንጀል ምርመራ ልብወለድ ስታነቡ “ገዳዩ እሱ ነው!” ብላችሁ ታውቃላችሁ? ይህ ግምት እኮ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። በ1929 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ አሥር ደንቦችን አወጣ፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ መደበቅ ክልክል ነው፣ ምስጢራዊ መተላለፊያም ቢበዛ አንድ ብቻ! በዚያው ዓመት ኤለሪ ክዊን በሚል የብዕር ስም የሚጽፉ ሁለት አሜሪካውያን ዘመዳሞች ትረካውን መልሱ ጋ ሳይደርስ ገታ አድርገው አንባቢውን “እስቲ ፍታው” ብለው ተገዳደሩት። ምህንድስና ለተማረ ሰው ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በጥያቄው የተሰጠው መረጃ ለመልሱ መብቃት አለበት፣ በቃ።

ታዲያ ሁሉም ሕጉን ካወቀ፣ አዲስ ደራሲ በምን ያታልለናል? በ1987 ጃፓናዊው ዩኪቶ አያትሱጂ መልስ አመጣ። በመጀመሪያ ልብወለዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ አንድ ደሴት ይሄዱና ተራ በተራ ይገደላሉ። ሐሳቡ ከአጋታ ክሪስቲ የ1939 ልብወለድ እንደመጣ ግልጽ ነው፤ አያትሱጂም አልደበቀውም። እንዲያውም ተማሪዎቹ የሚጠራሩት በቀደምት ደራሲያን ስም ነው፦ ፖ፣ አጋታ፣ ኤለሪ...። ክሪስቲን ያነበበ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቅ ይመስለዋል። አያትሱጂ የሚያጠምደው በዚሁ እውቀቱ ነው፤ ፍንጩን ግን አልነፈገውም። ቅጽል ስሞቹም ለጌጥ ብቻ የገቡ አይደሉም። ከዚህ በላይ ካወራሁ መጽሐፉን አበላሽባችኋለሁ።