«ኖቬምበር ስቴፕስ»፦ የጃፓን ባህላዊ መሣሪያዎችና የምዕራቡ ኦርኬስትራ

«ኖቬምበር ስቴፕስ» ጃፓናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቶሩ ታኬሚትሱ ለቢዋ፣ ለሻኩሃቺና ለምዕራባዊ ኦርኬስትራ የደረሰው ባለ 11 ክፍል ሥራ ነው። ያዘዘው የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ሲሆን፤ ዓላማውም የተቋሙን 125ኛ ዓመት ማክበር ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1967 በሴጂ ኦዛዋ መሪነት ለመጀመሪያ ጊዜ በኒውዮርክ ሲቀርብ፤ ቢዋውን ኪንሺ ጹሩታ፣ ሻኩሃቺውን ካትሱያ ዮኮያማ ተጫውተዋል።

ቢዋ በሰፊ መምቻ የሚመታ የክር መሣሪያ ነው። ሻኩሃቺ ደግሞ እንደ ዋሽንት ከጫፉ የሚነፋና አምስት ቀዳዳዎች ያሉት የቀርከሃ መሣሪያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለደው ታኬሚትሱ ያደገው በጦርነት ዘመን በመሆኑ፤ የአገሩ ባህላዊ ሙዚቃ ያንኑ መራራ ጊዜ ያስታውሰው ነበር። ስለሆነም በወጣትነቱ ፊቱን ወደ ምዕራቡ ሙዚቃ አዙሮ ቆይቷል። የጃፓንን ባህላዊ የአሻንጉሊት ቴአትር ሙዚቃ ካዳመጠ በኋላ ግን አመለካከቱ ተለውጧል።

ይሁን እንጂ ሥራው ብዙዎች እንደሚገምቱት የሁለቱ ባህሎች ውህደት አይደለም። ደራሲው ልዩነታቸውን ከመሸፈን ይልቅ ጎላ አድርጎ አሳይቷል። ኦርኬስትራውና ሁለቱ ተጫዋቾች በአብዛኛው የሚሰሙት በየተራ ነው፤ አብረው የሚጫወቱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ወደ መጨረሻው ገደማ ኦርኬስትራው ጸጥ ብሎ፤ ቢዋና ሻኩሃቺ ለረጅም ደቂቃዎች ብቻቸውን ይጫወታሉ። የሥራው ኃይል ያረፈውም በዚሁ ክፍል ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ታኬሚትሱ እ.ኤ.አ. በ1973 ለእነዚሁ መሣሪያዎችና ለኦርኬስትራ «ኦተም» የተሰኘ ሌላ ሥራ ደርሷል። ሕይወቱ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።